ለወንድም ለሴትም አንድ ሚዛን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ወንድና ሴት ድርሻ፣ ስለ ትዳርና ስለ ንጽሕና የሚጠይቁ ናቸው። ጠያቂዎቻችን ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክና ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ስለሆኑ፣ ትምህርቱ የሚለያይበት ቦታ ላይ ልዩነቱን በግልጽ እንናገራለን። ማንነትን የሚያሳውቁ ዝርዝሮችን ከደብዳቤዎቹ አውጥተናል።

ጥያቄ፦ በጉባኤያችን ሴት መዘመር፣ መጸለይና ልጆችን ማስተማር ትችላለች፤ ከመድረክ መስበክ ግን አትችልም። ምክንያቱን ስጠይቅ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥12 ይጠቀስልኛል። በሌላ ጉባኤ ያለች ጓደኛዬ ደግሞ መጋቢ ናት። መጽሐፉ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ? እኔስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልዩነቱ የመጣው አንዱ መጽሐፉን አክብሮ፣ ሌላው ንቆት አይደለም። ሁለቱም ያንኑ ክፍል ያነባሉ፤ የሚለያዩት ትእዛዙ እስከ የት ይደርሳል በሚለው ላይ ነው።

ክልከላው ለሁሉም ዘመን ነው የሚሉት ወገኖች ዋና መሠረታቸው ቁጥር 13 ነው። ጳውሎስ ምክንያቱን ሲሰጥ አዳም ቀድሞ መፈጠሩን ይጠቅሳል፤ ምክንያቱ ከፍጥረት ከተነሣ ትእዛዙ በአንድ ከተማ ችግር ሊወሰን አይችልም ይላሉ። በምዕራፍ 3 የኤጲስ ቆጶስ መመዘኛ «የአንዲት ሚስት ባል» መሆኑንም ይጨምራሉ። ትእዛዙ ለኤፌሶን ሁኔታ የተሰጠ ነው የሚሉት ደግሞ ከመልእክቱ መግቢያ ይጀምራሉ፦ ጢሞቴዎስ በኤፌሶን የቀረው ልዩ ትምህርት የሚያስተምሩትን እንዲከለክል ነው (1፥3)፤ ስሕተቱ በየቤቱ ሾልከው በሚገቡና ሴቶችን በሚማርኩ ሰዎች ይዛመት እንደነበር 2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥6 ያሳያል። ያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥5 ሴት ስትጸልይ ወይም ትንቢት ስትናገር ራሷን እንድትሸፍን ያዝዛል እንጂ አትናገር አይልም። ጵርስቅላ ከባሏ ከአቂላ ጋር ለአጵሎስ የእግዚአብሔርን መንገድ ገልጣለታለች (ሐዋ. 18፥26)። ፌቤን በክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበረች፤ የፊልጶስ አራት ሴቶች ልጆችም ትንቢት ይናገሩ ነበር።

ሁለቱም ወገኖች የሚከብዳቸው ጥቅስ አለ። የመጀመሪያው 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥5ን ማስረዳት አለበት፤ በዚያው በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2 ከሦስት ቁጥር በፊት (2፥9) የተጻፈውን የሹሩባና የወርቅ ክልከላ ለምን እንደማያስፈጽምም መመለስ ይኖርበታል። ሁለተኛው የፍጥረቱን ምክንያት ዘልሎ መሄድ አይችልም። ይህን ክብደት የማይቀበል ክርክር ከየትኛውም ወገን ቢመጣ በቶሎ አይመኑት።

አብያተ ክርስቲያናት በየፊናቸው ወስነዋል። በምሥራቅና በኦሪየንታል ኦርቶዶክስ ቅስናና ጵጵስና ለወንዶች ብቻ ነው፤ ሆኖም በሦስተኛው መቶ ዘመን በሶርያ የተዘጋጀው ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ሴት ዲያቆናት ለሴቶች እንዲያገለግሉ፣ በጥምቀት ጊዜም ሴቶችን እንዲቀቡ ያዝዛል። የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1994 ቤተ ክርስቲያን ለሴቶች ክህነት የመስጠት ሥልጣን የላትም ብለው ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዎቹን ሴት ቀሳውስት ሾመች፤ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ይህን ያደረገችው በ1960 ነበር። የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስቶች በ2000 ባጸደቁት የእምነት መግለጫ የመጋቢነትን ቦታ ለወንዶች ብቻ ወሰኑ። ብዙ የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በሐዋርያት ሥራ 2፥17 ያለውን «ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችሁ ትንቢት ይናገራሉ» የሚለውን ይዘው ሴት ሰባኪዎችን ይቀበላሉ።

አሁን ወደ እርስዎ እንምጣ። መጀመሪያ የጉባኤዎ የጽሑፍ ደንብ ምን እንደሚል ይጠይቁ፤ ማን ወሰነው፣ መቼ፣ በየትኛው ክፍል ላይ ተመሥርቶ? ብዙ ጊዜ የተጻፈ ነገር አይገኝም፤ የሚገኘው ልማድ ነው። ደንብ ካለ ደግሞ የሚከለክለው ሹመቱን ነው ወይስ ማንኛውንም ትምህርት የሚለውን ይለዩ። ጥብቅ አቋም ባላቸው ጉባኤዎችም ውስጥ ቅዱሳት መጻሕፍትን ማንበብ፣ ሴቶችን ማስተማር፣ የነገረ መለኮት ትምህርት መከታተል፣ ማማከር፣ መተርጎም፣ በገንዘብና በንብረት ኮሚቴ መቀመጥ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2 አልተከለከሉም። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ መሪዎች ጥቅሱ ከሚለው አልፈው ሴትን ከሒሳብ ኮሚቴም ያስወጣሉ፤ ምክንያት ሲጠየቁ ሔዋን መታለሏን ይጠቅሳሉ። ጳውሎስ ግን በሮሜ 5 ኃጢአት ወደ ዓለም የገባበትን ሰው ሲናገር የሚጠራው አዳምን ነው።

ጥያቄዎን በጽሑፍ፣ ለሽማግሌዎች ጉባኤ በሙሉ ያቅርቡ፤ ለአንድ ሽማግሌ ብቻ በቃል የተነገረ ነገር ይረሳል ወይም ተለውጦ ይደርሳል። ምስክርነት እንዲሰጡ መድረክ ሲፈቀድልዎ በዚያ ላይ ክርክሩን አይክፈቱ፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ስለ ጥያቄው ሳይሆን ስለ አቀራረብዎ ይሆናል። መልሱን ሰምተው ኅሊናዎ ካላረፈ በግልጽ ተሰናብቶ ወደ ሌላ ጉባኤ መሄድ ይቻላል። ሰዎችን ይዞ መውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያንን አንመክርም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አገልጋይ ነው። «የቤቱ ራስ እኔ ነኝ» እያለ ደመወዜን ይወስዳል፣ ስልኬን ይፈትሻል። ታምሜም ሆነ ደክሞኝ ለግንኙነት እምቢ ስለው 1ኛ ቆሮንቶስ 7ን ያነብብኛል፤ ከዚያም በግድ ያደርገዋል። ሁለት ጊዜ መቶኛል። ለሽማግሌዎች ስናገር «ታገሺ፣ ተገዢለት» ተባልኩ።

መልስ፦ እህታችን፣ የሚደረግብዎ በደል ነው፤ ጥቅሶቹም ለዚህ አልተጻፉም።

ኤፌሶን 5 ላይ ለሚስቶች ከሚናገረው ቁጥር 22 በፊት እርስ በርስ መገዛትን የሚያዝዘው ቁጥር 21 አለ። ለሚስቶች የተነገረው ሦስት ቁጥር ነው፤ ከ25 ጀምሮ ያለው ግን በአብዛኛው ለባሎች ነው፤ የሚጠይቀውም ክርስቶስ ራሱን አሳልፎ እንደ ሰጠ መስጠትን ነው። በአዲስ ኪዳን ውስጥ ባልን «ሚስትህን አስገዛ» የሚል አንድም ትእዛዝ የለም። የመገዛት ቃል የተነገረው ለእርሷ ነው፤ አስፈጻሚ አልተሾመለትም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ምዕራፍ ሲሰብክ የሕይወት አጋርንና የልጆች እናትን በማስፈራራት መያዝ እንደማይገባ፣ ሚስት ከባሏ የተነሣ የምትንቀጠቀጥበት አንድነትም አንድነት እንዳልሆነ ተናግሯል።

1ኛ ቆሮንቶስ 7፥4ን ባለቤትዎ የሚያነቡት እስከ ግማሹ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ባልም በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን እንደሌለው፣ ሥልጣኑ የሚስቱ መሆኑን ይናገራል። በዚያ ዘመን ለሰሚዎቹ አዲስ የነበረው ይህ ነው። ቁጥር 5 መለያየትንም መገናኘትንም በስምምነት ላይ ያኖረዋል። በግድ የሚደረግ ግንኙነት ከዚህ ክፍል የሚያገኘው አንዳች ድጋፍ የለም። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 ደግሞ ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል ያስጠነቅቃል፤ ለአገልጋይ ከዚህ የከበደ ቃል የለም።

ስለ ደኅንነትዎ፦ አንገት ማነቅ፣ የግድያ ዛቻ፣ መሣሪያ ማሳየት፣ በእርግዝና ጊዜ መምታት፣ ወይም ድብደባው እየተቀራረበ መምጣቱ የከፋ ነገር ሊከተል እንደሚችል ምልክቶች ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ምክር እስኪያልቅ አይጠብቁ፣ ይውጡ። ከተመቱ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ጉዳቱ በምን እንደደረሰ በካርዱ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ «ወድቄ ነው» የሚል ማስረጃ በኋላ በእርስዎ ላይ ይሠራል። መታወቂያ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት የምስክር ወረቀት፣ የባንክ ደብተር፣ መድኃኒትና ትርፍ ቁልፍ በሚያምኑት ሰው ዘንድ ያስቀምጡ። ስልክዎ ስለሚፈተሽ ለእነዚህ ጉዳዮች በሌላ ሰው ስልክ ይጠቀሙ። ለሁለት ሰዎች ይንገሩ፤ ሁለቱም ከባለቤትዎ የአገልግሎት ክበብ ውጭ ይሁኑ። ድብደባና ማስገደድ ወንጀል ስለሆነ ለፖሊስ ማመልከት ከእምነት መውጣት አይደለም።

ሽማግሌዎች ሁለታችሁን አንድ ላይ አስቀምጠው ለማስታረቅ ቢጠሩዎ አይቀበሉ። በዚያ ክፍል የሚናገሩትን ሁሉ ማታ ቤት ውስጥ ዋጋ ይከፍሉበታል። ለየብቻ ይስሙ፤ እርስዎን የሚሰሙት መካከልም ሴት ትኑር። ሽማግሌዎቹ ይህን ካነበቡ፦ 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥3-5 በጉልበት የሚጠቀምን፣ ቤቱንም በአግባቡ የማያስተዳድርን ሰው ከመሪነት ያስወጣዋል። ሰውየው ከመድረክ ሳይወርድ የሚጀመር ማስታረቅ ለሚስቱ የሚላት ነገር «ከአንቺ የእርሱ አገልግሎት ይበልጥብናል» ነው።

ስለ ፍቺና ዳግም ጋብቻ አብያተ ክርስቲያናት ይለያያሉ። በድብደባ ሥር መኖር ግዴታ ነው የሚል ቀኖና ግን አናውቅም፤ ፍቺን የማይቀበለው የካቶሊክ ቀኖና ሕግ እንኳ (እ.ኤ.አ. 1983፣ ቁጥር 1153) በአካል ወይም በነፍስ ላይ ከባድ አደጋ ሲኖር ተለይቶ መኖርን ይፈቅዳል። ሚልክያስ 2፥16 እግዚአብሔር መፋታትን እንደሚጠላ ሲጠቀስልዎ፣ ያው ቁጥር ግፍንም አብሮ እንደሚኮንን ያስታውሱ።

ጥያቄ፦ ከአጥቢያ ሽማግሌዎች አንዱ ነኝ። ሳታገባ ያረገዘችን ዘማሪት በጉባኤ ፊት አቁመን ለስድስት ወር ከአገልግሎት አገድናት። የልጁ አባት የሌላ ጉባኤ አገልጋይ ነው ይባላል፤ እርሱን ማንም አልጠየቀውም። አሁን እርሷ መምጣት አቁማለች። የት ላይ ተሳሳትን?

መልስ፦ የተሳሳታችሁት ሆድ ሲታይ መቅጣታችሁ ላይ ነው። ኃጢአቱ የሁለት ሰው ነበር፤ የሚታየው ግን የአንዷ ስለሆነ ቅጣቱ በአንዷ ላይ ወደቀ። በዮሐንስ 8 በምንዝር ተይዛ የቀረበችው ሴት ብቻዋን ነበረች። ከሳሾቿ የጠሩት የሙሴ ሕግ ግን በዘዳግም 22፥22ም ሆነ በዘሌዋውያን 20፥10 ሁለቱንም ይጠራል። ወንዱን ወዴት እንዳደረሱት የጠየቀ አልነበረም፤ እናንተም አልጠየቃችሁም።

ይህ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያን ከመጀመሪያ ከዓለም የተለየችበት ነው። በሮም ሕግ ያገባ ወንድ ከባሪያ ወይም ከጋለሞታ ጋር ቢገኝ ምንዝር አይባልበትም ነበር፤ ሚስቱ ግን በማንኛውም ወንድ ትከሰሳለች። በአራተኛው መቶ ዘመን ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ይህን ሕግ በስብከቱ ተቃወመ፦ ሕጉን ያወጡት ወንዶች ስለሆኑ በሴቶች ላይ ከበደ አለ። የላቲኑ የቤተ ክርስቲያን አባት ጄሮም እ.ኤ.አ. በ399 በጻፈው ደብዳቤ የቄሣር ሕግ ሌላ የክርስቶስ ሌላ መሆኑን ገልጾ፣ በእኛ ዘንድ ለሴት ያልተፈቀደው ለወንድም አይፈቀድም ሲል አስረግጧል። ቅዱስ ባስልዮስ ግን በቀኖናዎቹ የጌታ ቃል ለሁለቱም እኩል መሆኑን ካስቀመጠ በኋላ ልማዱ እንደዚያ እንዳልሆነ ጽፏል። ቃሉ እያለ ልማድ ሲያሸንፍ የኖረበት ረጅም ታሪክ ነው፤ በየአጥቢያው ዛሬም ይደገማል።

እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ መሆን ነበረበት። ከማንኛውም ውሳኔ በፊት ሁለት የበሰሉ ሴቶች ልጅቷን ብቻዋን ይሰሟታል። አምስት ወንዶች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ እውነቱን የምትናገር ልጅ ጥቂት ናት። የሚጠየቀው ዕድሜዋ፣ ፈቃዷ፣ ሰውየውም ለእርሷ ምኗ እንደሆነ ነው፦ መምህሯ፣ አለቃዋ፣ የመዘምራን መሪዋ፣ ዘመዷ? ዕድሜዋ ያልደረሰ ከሆነ ወይም ከተገደደች የዲሲፕሊን ጉዳይ የሚባል ነገር የለም፤ ጥበቃ፣ ሕክምናና ሕግ ነው የሚያስፈልጋት። ዘዳግም 22፥25-27 ተይዛ የተደፈረችን ልጅ ምንም በደል የለባትም ይላል። እንዲህ ያለ ጥቃት ወዲያው ከታወቀ፣ ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ማግኘት ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ለመጀመር ያስችላል፤ የሽማግሌዎች ስብሰባ እስኪጠራ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

በፈቃድ የሆነ ከሆነ፣ ልጅቷ ከፈቀደች ለሰውየው ጉባኤ መሪዎች አጭር ደብዳቤ ይጻፋል፦ ስሙ፣ የቀረበው ጉዳይ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ እንደሚጠበቅ። መልስ ካልመጣ በላይ ላለው አካል ይላካል። «የሌላ ጉባኤ ሰው ነው፣ ሥልጣን የለንም» የሚለው ምክንያት ወንዶች በየጊዜው የሚያመልጡበት በር ነው።

ማቴዎስ 18 ደረጃ አለው፦ በግል፣ ከሁለት ከሦስት ሰው ጋር፣ ከዚያ በኋላ ለጉባኤ። ወደ ሦስተኛው የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ያልሰማ ብቻ ነው። ልጅቷ በግል ስትጠየቅ አምና ከተጸጸተች ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፤ መድረክ ላይ የምትቆምበት ምክንያት የለም። ከአገልግሎት ማረፏ የግድ ከሆነ የሚያውቁት ከእርሷ ጋር የሚያገለግሉት ብቻ ይሁኑ፣ ዝርዝርም አይነገር። ጊዜውን በወር ብቻ አትቁረጡት፤ ስድስት ወር ሲያልቅ ምን እንዲሆን ነበር የፈለጋችሁት? በየሁለት ሳምንቱ የሚያገኛት ሰው ይመደብ፣ ዓላማው ይጻፍ፣ የመመለሻውን ቀን እርሷም ትወቀው። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 2፥6-8 የተቀጣው ሰው ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ ፍቅራችሁን አጽኑለት ይላል፤ የቅጣት መጨረሻ እዚያ ነው። በኦርቶዶክስና በካቶሊክ ሥርዓት ይህ በንስሐ አባት እጅ ያለ ነው፤ በኑዛዜ የተባለውን ማንም ሽማግሌ መጠየቅ አይችልም።

ሁለቱን አጋብቶ መገላገልም መፍትሔ አይደለም። ዘጸአት 22፥16-17 እየተጠቀሰ ስንት ትዳር ተገድዷል! እዚያው ግን አባት እምቢ ሊል እንደሚችል ተጽፏል። እርግዝና ለትዳር ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን መሠረት አይሆንም። የሕፃኑን ጥምቀት ወይም ቡራኬ ማዘግየት ደግሞ ያላጠፋን መቅጣት ነው።

አሁን ማድረግ የምትችሉት አለ። ወደ ቤቷ ሂዱ፤ ብዙ ሆናችሁ ሳይሆን ሁለት ሆናችሁ፣ አንዷ ሴት ትሁን። የተሳሳታችሁትን በስሙ ጥሩት፣ «ቅር ካለሽ ይቅርታ» አትበሉ። በጉባኤ ፊት ስላቆማችኋት፣ እርሷ ከፈቀደች ይቅርታውም በጉባኤ ፊት ይሁን። የወሊድና የሕፃኑ ወጪ እንዴት እንደሚሸፈን ጠይቁ፤ አባቱ ድርሻውን እንዲወጣ ማድረግ ከንስሐው የማይለይ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ እናንተም ባትመለስ መብቷ ነው፤ ወደ ሌላ ጉባኤ ከሄደች የሸኚ ደብዳቤዋ ላይ ይህ ጉዳይ አይጻፍ።

ጥያቄ፦ ምክር ፈልጌ የሄድኩበት አገልጋይ ማታ ማታ መልእክት ይልክልኝ ጀመር፤ በመጨረሻም በቢሮው ውስጥ ያለ ፈቃዴ ነካካኝ። ለመሪዎች ስናገር «በማቴዎስ 18 መሠረት መጀመሪያ ብቻውን አነጋግሪው፤ ሁለት ምስክር ከሌለሽም ክስ አንቀበልም» አሉኝ።

መልስ፦ ማቴዎስ 18፥15 በወንድምና በወንድም መካከል ስላለ በደል የተሰጠ መንገድ ነው። ሥልጣኑን ተጠቅሞ የበደለዎትን ሰው በተዘጋ በር ብቻዎን እንዲያነጋግሩ ማዘዝ ወደዚያው ክፍል መመለስ ነው። አይሂዱ።

ስለ ምስክር፦ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19 ሽማግሌን ከሐሰት ክስ ይጠብቃል፤ ቀጣዩ ቁጥር ግን ኃጢአት የሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጻቸው ይላል፣ ቁጥር 21 ደግሞ በአድልዎ ምንም እንዳይደረግ በእግዚአብሔር ፊት ያስምላል። በድብቅ የሚፈጸም ነገር ቆሞ ያየ ሰው አይኖረውም። ምስክር የሚሆኑት የተላኩ መልእክቶች፣ ሰዓታቸው፣ በዚያው ቀን የነገሯት ጓደኛ፣ ተመሳሳይ ነገር የደረሰባት ሌላ ሴት ናቸው። ስለዚህ ምንም አይሰርዙ። የስልኩን ገጽ ሰዓቱና የላኪው ቁጥር እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሱ፣ ቅጂውን ከስልክዎ ውጭ ያስቀምጡ። የሆነውን በቀን በቀኑ ይጻፉ፤ የሚያስታውሱትን ብቻ፣ ሳይጨምሩ።

ክሱን በጽሑፍ፣ የተቀበሉበትን ቀን አስፈርመው ይስጡ። የአጥቢያው መሪዎች የሰውየው ወዳጆች ከሆኑ ለበላይ አካል ያቅርቡ፤ ያለ ፈቃድ የተደረገ መነካካት ለፖሊስም የሚቀርብ ነው። ጉዳዩን ለማንም ላለመናገር ፈርሚ ቢባሉ አይፈርሙ።

መሪዎች በዚህ ጊዜ አዘውትረው የሚሠሯቸው ሁለት ጥፋቶች አሉ። አንደኛው «አገልጋዩ በፈተና ወደቀ» ብሎ ነገሩን የሁለት ሰዎች ውድቀት ማስመሰል ነው። ምክር ፈላጊና አማካሪ እኩል አይቆሙም፤ ያዕቆብ 3፥1 መምህራን የባሰ ፍርድ እንደሚቀበሉ ይናገራል፤ ስለዚህ ጥፋቱም ተጠያቂነቱም የእርሱ ነው። ሁለተኛው በጸጥታ ወደ ሌላ አጥቢያ ማዛወር ነው። ይህ አሠራር በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያደረሰው ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ሀገረ ስብከት ጉዳይ በይፋ ወጥቷል፤ የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስቶችም በ2022 በወጣው የምርመራ ሪፖርት ተመሳሳይ ነገር ተጋልጦባቸዋል። ትምህርታቸው የሚለያይ ሁለት ቤተ ክርስቲያናት አንድ ዓይነት ስሕተት ሠሩ፤ ሁለቱም ያስቀደሙት የተቋሙን ስም ነበር።

ለሌሎች እንዳይደርስ፦ የምክር ክፍል በሩ መስታወት ይኑረው ወይም ክፍት ይሁን፣ ቀጠሮ በመዝገብ ይያዝ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ አይሁን። ሴቶችን የምታማክር የሠለጠነች ሴት መመደብ ከሁሉም የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ ሴቶች በአለባበሳቸው ወንድሞችን ያሰናክላሉ ተብሎ በየሳምንቱ ይሰበካል። ትክክል ነው?

መልስ፦ ልከኛ አለባበስ ለሁሉም ይገባል። ሆኖም 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥9 የሚጠቅሰው ወርቅ፣ ዕንቁና ዋጋው ብዙ የሆነ ልብስ ነው፤ በድሆች ፊት ሀብትን ስለማሳየት ሲሰበክበት ብዙም አንሰማም። ጌታ ስለ ምኞት ሲናገር ደግሞ (ማቴ. 5፥28-29) ትእዛዙን የሰጠው ለሚያየው ነው፤ አውጥተህ ጣል ያለውም የገዛ ዓይኑን ነው። በየሳምንቱ የሚሰበክ ከሆነ በዚያው ልክ ለወንዶች ይሰበክ።

ጥያቄ፦ ተጫጭተናል፤ ሠርጋችን ሁለት ዓመት ይቀረዋል። እስከ የት ነው የሚፈቀደው?

መልስ፦ ሦስቱም የአብያተ ክርስቲያናት ቤተሰቦች ግንኙነትን ለትዳር ይጠብቃሉ (1ኛ ተሰ. 4፥3-6፣ ዕብ. 13፥4)። የሚያስቸግራችሁ ድንበሩ ሳይሆን ሁለት ዓመቱ ይመስለናል። መዘግየቱ ለድግስ ገንዘብ ከሆነ ድግሱን አሳንሳችሁ አሳጥሩት፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥9 ለዚህ የተጻፈ ያህል ነው። እስከዚያ ድረስ ብቻችሁን የምትሆኑበት ቤት አይኑር፤ የሌሊት ስልክ ይገደብ። ኃላፊነቱን ለእርሷ ብቻ አትተዉ፤ «ሴቷ ካልፈቀደች አይሆንም» የሚለው አባባል ወንዱን ከትእዛዙ ያስወጣዋል። የኤች አይ ቪና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ሁለታችሁም አድርጉ፣ ውጤቱንም አብራችሁ ተቀበሉ።

ጥያቄ፦ የወጣቶች አገልጋይ ነኝ። አንድ ወጣት ለተመሳሳይ ፆታ ስሜት እንዳለው እያለቀሰ ነገረኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ስለ ነገረዎት አመስግኑት፤ ለማንም አይንገሩ። ያለ ፈቃዱ ለቤተሰብ ወይም ለሽማግሌዎች መንገር ከቤት እስከ መባረርና እስከ ድብደባ ሊያደርሰው ይችላል።

ትምህርቱን በተመለከተ ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና አብዛኞቹ ወንጌላውያን ዘፍጥረት 2፥24ን፣ ሮሜ 1፥26-27ንና 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥9-11ን ይዘው ግንኙነት በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት ትዳር ውስጥ ብቻ ነው ይላሉ። ጥቂቶች ከዚህ ተለይተዋል፤ ለምሳሌ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ትፈጽማለች። ነባሩን ትምህርት የሚይዙትም ስሜትንና ድርጊትን ይለያሉ። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ (ካቴኪዝም) ድርጊቱን ሳይቀበል (ቁጥር 2357)፣ ሰዎቹ በአክብሮት፣ በርኅራኄና በጥንቃቄ እንዲያዙ ያዝዛል (ቁጥር 2358)። ወጣቱ የነገረዎት ስሜቱን ነው፤ ያልሠራውን ንስሐ አያስገቡት።

ሊያደርጉ የማይገባ፦ ጋኔን ነው ብሎ በጉልበት መያዝና ማስጮህ፣ በጾም ማድከም፣ «ብታገባ ይለቅሃል» ብሎ መዳር። የመጨረሻው ምንም የማታውቅ አንዲት ሴትን ሕይወት ጭምር ያበላሻል። ዝንባሌን እንለውጣለን ብሎ ለዓመታት የሠራው ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት መሪው ይቅርታ ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘግቷል። ይልቅ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለዎት በዚያው ቀን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ አብረውት ይሂዱ። በአገልግሎት ውስጥ ካለ፣ ከሴት ጋር ተመሳሳይ ፈተና ካለበት ወጣት የተለየ መስፈርት አይጫንበት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የወሲብ ፊልም እንደሚያይ ደረስኩበት። ያማከርኩት አገልጋይ «አንቺ ስለምታርቂው ነው፣ ራስሽን ጠብቂ፣ ስልኩንም ተቆጣጠሪ» አለኝ።

መልስ፦ ለዚህ እርስዎ ተጠያቂ አይደሉም። ብዙ ወንዶች ይህን ልማድ የሚጀምሩት ከጋብቻ በፊት፣ በጉርምስና ነው፤ ትዳር ብቻውንም አያጠፋውም። ስልኩን መቆጣጠርም የእርስዎ ሥራ አይሁን። ሚስት ፖሊስ ስትሆን እርሱ መደበቅን ይለማመዳል፣ እርስዎም እንቅልፍ ያጣሉ። የሚጠይቀው ሰው በእምነት የበሰለ ወንድ ይሁን፤ ባለቤትዎ ራሱ ሄዶ ይንገረው። ስልክ ማታ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፣ ማገጃ ይጫንበት፣ የሚወድቅባቸው ሰዓቶች ይለዩ፤ በአብዛኛው ብቻውን ሲሆን፣ ሲደክመው ወይም ሲናደድ ነው። ከተመለሰበት በ24 ሰዓት ውስጥ ለዚያ ሰው ይናገር። ለእርስዎ ዝርዝሩን ሁሉ መስማት አያስፈልግዎትም፤ ከፊልም አልፎ ከሰው ጋር መድረሱን ግን ማወቅ መብትዎ ነው፣ ከደረሰም ሁለታችሁም እስክትመረመሩ ግንኙነት ይቁም። በፊልሙ ያየውን በእርስዎ ላይ እንዲሞክር ቢጠይቅዎ እምቢ ማለት ይችላሉ፤ ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅብዎትም።